ከጉና እስከ ፒስተን

የጣና ጀልባዎች በማለዳ መነሣት ይወዳሉ። ሐይቁ ጠዋት ልዝብ ነው፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ጀልባ ማንገላታት ይጀምራል። ስለዚህ ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል ወይም ወደ ደቅ ደሴት የሚሻገር ሁሉ ፀሐይ ሳትበረታ ባሕር ዳር ወደብ ይደርሳል። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በተንጣለለ ውሃ መሐል ሞተር ቢጠፋ ቅርብ የሚመስለው ዳርቻ እንኳ ሩቅ ነው። ካህኑ፣ ቡናዋን ሸጣ የምትመለሰው ነጋዴ፣ ምጥ የያዛት እናት፣ ከሩቅ አገር የመጣው ጎብኚ፣ ሁሉም እግራቸውን ጀልባው ላይ ሲያሳርፉ ነፍሳቸውን ለአንድ ሞተር አደራ ሰጥተዋል።

በዚህ ጉዞ ላገኛቸው የፈለግሁት አደራውን የሚሸከሙትን ሰዎች ነው፤ የደከመ የጀልባ ሞተር አውርደው፣ ብሎን በብሎን ፈትተው፣ ለክተው መልሰው የሚያስነሡትን መካኒኮች። ስለ ጣና ገዳማት፣ ስለ ሥዕሎቻቸውና በዳጋ እስጢፋኖስ ስላረፉት ነገሥታት ብዙ ተጽፏል። በዘይት የጠቆረ እጅ ስለሚያውቀው ጣና ግን ያነበብኩት እምብዛም የለም።

የጣና ጥንታዊ መጓጓዣ ታንኳ ነው። ከደንገል ይታሰራል፤ በዚህ ሙያ የሐይቁ ዳር ነዋሪ የሆኑት ወይጦዎች ስመ ጥር ናቸው። ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ያረጀው ይጣልና አዲስ ይታሰራል፤ ደንገሉ ከበቀለበት ውሃ ይመለሳል። ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር ደግሞ መንገዱ ረጅም ነው። በልጅነቱ ከኖርዌይ አሜሪካ የገባው ኦሌ ኤቪንሩድ እ.ኤ.አ. በ1909 በሚልዋኪ ከተማ ለገበያ ያቀረበው ሞተር ይህን ዕቃ በሰፊው አስተዋወቀ። የጃፓኑ ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1960 የመጀመሪያውን የጀልባ ሞተር ሠራ፤ ከዚያም በቀላሉ የሚፈታና የሚጠገን ጠንካራ ሞተር እየሠራ የአፍሪካን ወንዞችና ሐይቆች ሞላ። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ1986 በአንድ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም አማካይነት የሞተር ማስገሪያ ጀልባዎች ከናይለን መረብ ጋር ገቡ። ዓሣ አጥማጁ በታንኳ ከማይደርስበት ጥልቅ ውሃ ደረሰ፤ ሐይቁም ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

መካኒኮቹን ያገኘሁበት የባሕር ዳር ጋራዥ ከውሃው ዳር ብዙ የማይርቅ፣ በቆርቆሮ የተከለለ ግቢ ነው። ሞተሮቹ በእንጨት ማቆሚያ ላይ ተሰቅለው ተደርድረዋል። አንድ ጥግ ላይ ውሃ የሞላ በርሜል አለ፤ የተጠገነ ሞተር ሐይቅ ከመግባቱ በፊት የሚፈተነው እዚያ ውስጥ ነው። የግቢው ጌታ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ተለማማጆቹ ጋሼ ይሏቸዋል፤ እኔም ጋሼ አልኳቸው።

የዚያን ቀን ሊወርድ የነበረው ሞተር ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያለውና ብዙ ያገለገለ ነው። ባለጀልባው ወጣት አጠገቡ ቆሞ ችግሩን ዘረዘረ፤ ጉልበት የለውም፣ ሲሞቅ ቀጥ ይላል፣ ሲበርድ እንደገና ይነሣል። ጋሼ ቁልፍ ከማንሣታቸው በፊት ጥያቄ አበዙ።

«መቼ ጀመረው?»

«ከክረምቱ ወዲህ ነው ጋሼ።»

«በየት በኩል ስትመላለስ ከረምክ?»

«በፎገራ በኩል።»

«ውሃ ትተፋለች?»

«ትተፋለች፤ ግን ቀጥናለች።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሞተሩ ከሐይቁ ውሃ ስቦ ገላውን ያቀዘቅዝና በጎኑ በምትገኝ ትንሽ ቀዳዳ በኩል ቀጭን ውሃ ይተፋል። ጥሩ ጀልባ ነጂ ፊቱን ወደፊት አድርጎ ሲነዳ እንኳ ጆሮው እሷ ላይ ነው። ውሃዋ ስትቀጥን ሞተሩ እርዳታ እየጠየቀ ነው።

መጀመሪያ ካንዴላዎቹ ወጡ፤ በቀዳዳቸው የኮምፕሬሽን፣ ማለትም የግፊት፣ መለኪያ ገባ፤ ተለማማጁ ገመዱን ደጋግሞ ሳበ። የታችኛው ሲሊንደር ደህና አነበበ። የላይኛው ግን ከእሱ በብዙ አነሰ። ልጁ የአምራቹን መጽሐፍ ገልጦ ቁጥሩን ሊያስተያይ ሲል ጋሼ አስቆሙት። «ይህ መጽሐፍ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው፤ እኛ ተራራ ላይ ነን። እርስ በርሳቸው አስተያያቸው።» እውነታቸውን ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ጤነኛ ሞተርም ቢሆን መጽሐፉ ያዘዘውን ቁጥር አይሞላም። መጽሐፉን ብቻ የያዘ መካኒክ ያልታመመውን ሊያክም ይችላል፤ አገሩን የሚያውቅ መካኒክ ሁለቱን ሲሊንደሮች አስተያይቶ የታመመውን ይለያል።

የሲሊንደሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ሲወርድና ፒስተኖቹ ሲወጡ የላይኛው ፒስተን አንድ ጎኑ ተፍቆ ታየ። ጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች የተጫሩ መስመሮች ነበሩ፤ ፒስተኑን እንደ ቀለበት የሚከበው ፋሻ በአሉሚኒየም ተለስኖ ቦይው ውስጥ ተጣብቋል። ሞተሩ ነክሷል ማለት ነው። የነከሰ ሞተር ሲመጣ ችኩል ሰው ፒስተን ቀይሮ ይሸኘዋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ያው ሞተር ተመልሶ ይመጣል። ጋሼ ግን ምክንያቱን ሳያገኙ መለዋወጫ አያዝዙም። ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ ዘይት፣ ቤንዚንና ውሃ።

ከዘይቱ ጀመሩ። እንዲህ ያለው ሞተር፣ መካኒኮቹ ቱ ስትሮክ የሚሉት፣ ለብቻው የዘይት መያዣ የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ይገባል፤ የተለመደው መጠን 50 ለ 1 ነው። ዘይት ቢያጥር ኖሮ የክራንክሻፍቱ ኩሽኔታዎችም በተጎዱ ነበር። ጋሼ ኩሽኔታዎቹን በጣታቸው አሽከረከሯቸው፤ ለስላሳ ናቸው፣ ዘይትም ጠጥተዋል። ፒስተኑም የተፋቀው ዙሪያውን ሳይሆን ጭሱ በሚወጣበት፣ ከሁሉ በላይ በሚግለው ጎኑ ነው። ዘይቱ ነጻ ወጣ። ቀጥለው የክራንክሻፍቱን ክፍል የሚያሽጉትን ፓራኦሊዮዎች መረመሩ። በዚህ ዓይነት ሞተር አየርና ቤንዚን መጀመሪያ በክራንክሻፍቱ ክፍል በኩል ነው የሚያልፉት። ፓራኦሊዮ ቢያልቅ ያልተፈለገ አየር ይገባል፤ ቤንዚኑ ይሳሳል፤ የሳሳ ቅልቅል ደግሞ ፒስተን ያቃጥላል። ፓራኦሊዮዎቹ ደህና ነበሩ፤ ካርቡሬተሩም ንጹሕ ነው። የቀረው ውሃ ነው።

የሞተሩ የታችኛው ክፍል ተፈታ። የውሃ ፓምፑ እዚያ ነው፤ በክብ ጎድጓዳ የብረት ቤት ውስጥ የሚሽከረከር፣ ስድስት ክንፍ ያለው ትንሽ ጎማ። ጋሼ ጎማውን አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። የክንፎቹ ጫፍ ሹልነቱ ጠፍቶ ተጠጋግቷል፤ አንዱ ከሥሩ ተሰንጥቋል። የብረቱ ቤት ውስጠኛ ግድግዳም በጥፍር ሲዳሰስ የሚታወቅ ቦይ አውጥቷል። ቀጥለው ሲሊንደሩን ከሚከበው የውሃ መተላለፊያ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ከትተው ጎረጎሩ። ሽቦው ይዞት የወጣው የረጋ ጭቃ ነበር፤ ቡናማ፣ ደቃቅ፣ እንደ ቅባት የሚያሙለጨልጭ። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል ፈተጉት፤ ከዚያ ለእኔ አሳዩኝ።

«አየኸው? ይህ የማሳ አፈር ነው። ሞተሯን የበላት ይሄ ነው።»

እዚያ ግቢ የሰማሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ጉዞዬም ከዚያ በኋላ ሌላ መልክ ያዘ። ፒስተን ከአሉሚኒየም፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ደግሞ ከብረት ይሠራል። በሁለቱ መሐል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያንሳል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ያብጣል። ውሃው እስከፈሰሰ ድረስ ክፍተቱ ይጠበቃል። ጎማው አልቆ ፓምፑ ሲደክም፣ ጭቃው መተላለፊያውን ሲያጠብ፣ የውሃው ጉልበት ያንሳል። ቀዝቃዛው ውሃ ከታች ነውና የሚገባው፣ ድርሻው መጀመሪያ የሚጎድልበት የላይኛው ሲሊንደር ነው። ፒስተኑ ያብጣል፣ ግድግዳውን ይፈትጋል፣ በመጨረሻም ይነክሳል። ነጂው ያየው ሞተሩ የቆመበትን ቀን ብቻ ነው፤ ጥፋቱ ግን ክረምቱን ሙሉ ሲሠራ ከርሟል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህም ይሆናል።

አፈሩስ ከየት መጣ? ባለጀልባው ሲመላለስበት የከረመው ዳርቻ የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና የሚገቡበት ነው። ሁለቱም ከጉና ተራራ በኩል ይወርዳሉ፤ የፎገራን ሜዳ ያቋርጣሉ። ከደቡብ ከገባሮቹ ሁሉ ትልቁ ግልገል ዓባይ ይገባል፤ ከሰሜን ከጎንደር በኩል መገጭ ይመጣል። የክረምቱ ዝናብ የሚጀምረው መሬቱ ታርሶ ለስልሶ፣ አዝመራው ገና ሳይሸፍነው ነው። ያኔ የወረደ ዝናብ ከዳገቱ አፈሩን ይዞ ይነሣል፤ ወንዞቹ ይደፈርሳሉ፤ ሐይቁም በየአፋቸው ቡናማ ይሆናል። ጣና ደግሞ ጥልቅ አይደለም፤ ከሁሉ በላይ የሚጠልቀው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ በተነሣ ቁጥር የረጋው ጭቃ እንደገና ይበጠበጣል። የጀልባ ሞተር እስትንፋሱ ከዚህ ውሃ ነው። ከጉና ግርጌ የታጠበ ማሳ ጉዞውን የጨረሰው ባሕር ዳር፣ ከአንድ የጎማ ክንፍ ላይ ነበር።

እንቦጭም ከዚህ ጋር ይያያዛል። አረሙ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን ይበልጥ የጎዳው የሐይቁን ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። የሚፋፋው ከማሳ ታጥቦ በመጣ ለምነት ነው። በሞተር በኩል ሲታይ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ ግንዱ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ፀጉር መሳይ ሥሩ የውሃ መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ጋሼ ወንፊቱን በካቻቪቴ ጫፍ ሲጠርጉ ከውስጡ የደረቀ ሥር ወጣ።

በማግስቱ ሲሊንደሩን ይዘን ቶርኖ ቤት ሄድን። የተጫረ ሲሊንደር ከውስጥ በስሱ ይላጣል፤ ከዚያ ከመጀመሪያው በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር የሰፋ ፒስተን ይገባለታል። ጭረቱ በ0.25 ስላልጠፋ 0.50 ተወሰነ። የቶርኖው ሰው ሥራውን ሲጨርስ ጋሼ ጣታቸውን ወደ ሲሊንደሩ ከተቱ። የቱ ስትሮክ ሲሊንደር ግድግዳው መስኮቶች አሉት፤ ቤንዚንና አየር የሚገባባቸው፣ ጭስ የሚወጣባቸው። ሲላጥ የመስኮቶቹ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይሳላል። ፋሻው በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ያንን ጠርዝ ያልፋል፤ ጠርዙ ካልለዘበ አንድ ቀን ይይዘውና ይሰብረዋል። ጋሼ እያንዳንዱን መስኮት በትንሽ ሞረድ በእጃቸው አለዘቡ። ማንም አልቸኮለም። ሥራው ሲያልቅ ከውጭ የሚታይ ነገር የለውም፤ ክፍያ ሲጠየቅም የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው። መሐል ሐይቅ ላይ ያለውን ተሳፋሪ የሚጠብቀው ግን እሱ ነው።

በመጨረሻ ግድግዳው በድንጋይ ይታሻል። ድንጋዩ እየዞረ ሲወጣና ሲወርድ እርስ በርሳቸው የሚተላለፉ ደቃቅ መስመሮች ያሰምራል፤ ዘይት የሚቋጥሩት እነሱ ናቸው፣ ፋሻውም ከግድግዳው ጋር የሚላመደው በእነሱ ነው። የገበሬ ልጅ የሆነው ተለማማጅ መስመሮቹን በብርሃን ፊት አዙሮ አይቶ «የአባቴን ማሳ ድገማ ይመስላል» አለ። ልክ ነው። ገበሬ በማረሻ አንድ ጊዜ ካረሰ በኋላ ሲደግም የመጀመሪያውን ትልም አቋርጦ ያርሳል። ሲሊንደር ላይ የተቋረጠው መስመር ዘይት ይይዛል። ዳገት ላይ ግን አቋርጦ ማረስ ማለት ከሁለቱ ዙር አንዱ ቁልቁል የሚወርድ ትልም ይተዋል ማለት ነው፤ በዚያ ትልም ውሃው አፈሩን ይዞ ይሮጣል። ልጁ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «እርከኑን አባቴ ጀምሮታል» አለኝ።

ጋሼ አዲሶቹን ፋሻዎች አንድ በአንድ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብተው የጫፎቻቸውን ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ ለኩ፤ ከዚያ ፒስተኑ ላይ ካለችው ትንሽ መቆሚያ ጋር አጋጠሟቸው። የውሃ መተላለፊያው እስኪጠራ ታጠበ። አዲስ ጎማ፣ አዲስ የብረት ቤት፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ። ቴስታታው ሲታሰር ብሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ በተራ፣ በየጥቂቱ ጠበቁ። ጋሼ ለባለጀልባው የሰጡት ምክር አጭር ነው። በየክረምቱ ማብቂያ ጎማውን ቀይር፤ ፕሮፔለርህን ለዚህ ከፍታ ምረጥ። አየሩ ስስ በሆነበት ከፍታ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ በአንድ ዙር ብዙ ርቀት ሊገፋ የሚታገል ፕሮፔለር ከተገጠመለት ደግሞ እየታፈነ ይሠራል። ልከኛው ፕሮፔለር ሲገጠምለት ግን እንደ አቅሙ ይሽከረከራል፤ ቤንዚንም ይቆጥባል።

እዚህ ላይ ሞተሩም ለሐይቁ ያለበትን ዕዳ መናገር ይገባኛል። ባለ ካርቡሬተር ቱ ስትሮክ ሞተር ከሚጠጣው ቤንዚን ጥቂት የማይባለውን ሳያቃጥል ከነዘይቱ ወደ ውሃው ይለቃል። አሜሪካና አውሮፓ በጭስ ሕግ ከገበያቸው ያስወጡት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከሞተሩ ጋር የገባው የናይለን መረብም የራሱን ጉዳት አድርሷል። ጣና ከ15 የሚበልጡ የላቤኦባርበስ ዓሣ ዝርያዎች መኖሪያ ነው፤ አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ መሰል ወንዞች ይወጣሉ። በወንዙ አፍ የሚዘረጋው መረብ ያንን ጊዜ ጠብቆ ያጠምዳቸው ስለነበር ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆለቆለ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ ክብሩ ጥበቃን ይጠይቃል። ያረጀና ያልተጠገነ ሞተር ደግሞ ከሁሉ የከፋ በካይ ነው። ፋሻው የላላ፣ ቅልቅሉ የተዛባ ሞተር ለአንድ መንገድ አብልጦ ይጠጣል፣ አብልጦም ይተፋል። አዲስና ንጹሕ ሞተር የመግዛት አቅም እስኪመጣ ድረስ በጥንቃቄ የሚጠግን እጅ ለሐይቁ ወዳጅ ነው።

ሞተሩ በርሜሉ ውስጥ በሦስተኛው ስበት ተነሣ። የምትተፋው ውሃ ወፍራምና ቀጥ ያለች ነበረች። አዲስ ፒስተን የገባለት ሞተር እስኪላመድ ድረስ በ10 የመጀመሪያ ሰዓታቱ ዘይቱ በእጥፍ ይጨመርለታል፣ 25 ለ 1 ይሆናል፤ ፍጥነቱም ከፍ ዝቅ እየተደረገ ይነዳል። የመላመጃ መንገዱ ወደ ዘጌ እንዲሆን ባለጀልባው መረጠ፤ እኔም አብሬው ተሳፈርኩ። ጀልባው ገና ከወደቡ ሲወጣ ውሃው የሻይ በወተት መልክ ነበረው፤ ወደ ዘጌ ስንጠጋ ጠራ እያለ ሄደ። ወጣቱ በየጥቂቱ ዞር እያለ የምትተፋውን ውሃ ያያል፤ ነዳጅ ይጨምራል፣ ይቀንሳል።

ዘጌ ላይ ወርደን ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በሚወስደው የቡና ጫካ መንገድ ወጣን። ጥላው ከባድ ነው፤ መሬቱ በቅጠል ተሸፍኗል። በዚህ ልሳነ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለ ነው፤ ሕዝቡ ይህን ሥርዓት ከአቡነ በትረ ማርያም የተቀበለው ትእዛዝ አድርጎ ከትውልድ ወደ ትውልድ ጠብቆታል፤ የሚኖረውም በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ነው። ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን ገለጥ አደረግሁ። ከሥሩ ያለው አፈር ጥቁር፣ እርጥብና በሥር የተያዘ ነው። ዝናብ ቢወርድበት ወደ ውስጥ ይጠጣዋል እንጂ ይዞት አይወርድም። ጣና ዳር ሁሉ ቡና ይተከል፣ ማረሻ ይሰቀል ማለቴ አይደለም፤ የፎገራ ገበሬ የሚያበላው ብዙ ሰው አለ። ዘጌ የሚያሳየን አፈር በቦታው ሲቆይ ውሃው ምን እንደሚመስል ነው። እርከን፣ በዳገት ጫፍ የተተከለ ዛፍ፣ በወንዝ ዳር የተተወ ሣር ይህንኑ ሥራ በማሳው ላይ ይሠራሉ።

ከዚህ ጉዞ በኋላ ስለ ጣና ጥበቃ ውይይት በተነሣ ቁጥር ከምሁሩ፣ ከገበሬውና ከካህኑ ጎን የጀልባ መካኒኩ ወንበር ባዶ እንደሆነ ይሰማኛል። እሱ በየክረምቱ ማብቂያ ምን ያህል ጎማ እንደተበላ፣ የትኛው ዳርቻ ሞተር እንደሚያደክም፣ እንቦጩ ወዴት እንደገፋ በእጁ ያውቃል። በየጋራዡ የሚቀየሩት ጎማዎች ከየትኛው ዳርቻ እንደመጡ ተመዝግቦ ቢሰበሰብ የሐይቁን መደፍረስ ከዓመት ዓመት የሚያሳይ መዝገብ ይወጣዋል፤ ወጪውም አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ለጀልባ ሞተር ጥገና የተሟላ ሥልጠና ቢከፈት፣ ትክክለኛ መለዋወጫ በቅርብ ቢገኝ ተሳፋሪው ይድናል፤ ቤንዚኑም ውሃ ውስጥ መፍሰሱ ይቀንሳል። ጉና ላይ እርከን የሚሠራው ገበሬና ባሕር ዳር ላይ የሲሊንደር መስኮት የሚያለዝበው መካኒክ ተያይተው አያውቁም። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ አንዱ ሲሰንፍ ሌላው ላይ ይጭናል፣ አንዱ ሲተጋ ሌላውን ያሳርፋል። ሁለቱን የሚያስተዋውቅ ሰው ለጣና ትልቅ ውለታ ይውላል።